የድሃ ጠበቃ መሪዎች
(ለኮሚሽኑ የፕሮጀክት ኃላፊዎች ከተደረገ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዛሬ ኦክስፋም የሚባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1942 በኦክስፎርድ ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ተመሠረተ። ከመጀመሪያዎቹ መሪዎቹ አንዱ የዚያው ደብር ቄስ ሪቻርድ ሚልፎርድ ሲሆኑ፣ የጽርዕ ቋንቋ ሊቁ ጊልበርት መሬይና ነጋዴው ሴሲል ጃክሰን ኮልም አብረዋቸው ነበሩ። የቆሙት በወረራ ሥር በረኃብ ለሚያልቀው የግሪክ ሕዝብ ነው። እህል እንዳይገባ ያገደው ግን ወራሪው ብቻ ሳይሆን የገዛ መንግሥታቸው የባሕር ከበባም ጭምር ነበር። በጦርነት መካከል የራስን መንግሥት «መንገዱን ክፈትልን» ብሎ መማጠን ቀላል አይደለም፤ ገንዘብ መሰብሰቡ ይቀላል።

ነገር ግን በሌላው ላይ የሚጮኽ መሪ በራሱ ቤት ሲፈተንስ? ከ2010 የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ በሄይቲ የድርጅቱ ሠራተኞች የፈጸሙት ነውር በ2018 በአደባባይ ሲገለጥ፣ ምክትል ሥራ አስፈጻሚዋ ኃላፊነቱን ተቀብለው ሥራቸውን ለቀቁ፤ የዓለም አቀፉን ኅብረት ይመሩ የነበሩት ዑጋንዳዊቷ ዊኒ ቢያኒማም ይቅርታ ጠየቁ። ነውሩ ከተፈጸመ ግን ዓመታት አልፈው ነበር።

እንግዲህ በየፕሮጀክታችን ተረጂዎች አቤቱታ የሚያስገቡበት ሣጥን ቁልፉ በማን እጅ እንደሆነ፣ ከሻይ ዕረፍት በኋላ እያንዳንዳችን እንድንናገር እለምናለሁ።