በጥቂት ገንዘብ ወደ ሰሜን ስዊድን ዱርና ተራራ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የቀድሞ ተማሪዎች ያደረጉት ንግግር)

እኛ ከዚሁ ትምህርት ቤት ወጥተን በስዊድን አገር በኡፕሳላ ከተማ ከፍተኛ ትምህርት የተከታተልን አራት ጓደኞች ነን። ዛሬ የምንነግራችሁ ግን ስለ ትምህርታችን አይደለም። እኛ ክረምት በምንለው፥ እነርሱ ግን በጋ በሚሉት ወራት፥ በአንዲት አሮጌ መኪና ወደ ሰሜን ስላደረግነው የ11 ቀን ጉዞ ነው።

ብዙ ሰው አገር ማየት የባለጠጋ ሥራ ይመስለዋል። እኛም ስዊድን ኑሮ ውድ የሆነበት አገር መሆኑን እናውቅ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያ አገር ከሁሉ የሚበልጠው ሀብት በገንዘብ አይገዛም። ይህ ሀብት ምን እንደ ሆነና በምን እንደሚጠበቅ ማስረዳት የንግግራችን ዓላማ ነው።

በመጀመሪያ እያንዳንዳችን 2,200 ክሮነር አዋጣን፤ በጠቅላላው 8,800 ሆነ። ገንዘቡን አንዲት ጓደኛችን ያዘች፤ የሚወጣውንም ሁሉ በደብተር ጻፈች። ሁለት ድንኳን ተዋስን፤ በአልኮል የሚነድ ትንሽ ምድጃ ያዝን። ስንቃችን አጃ፥ ማካሮኒ፥ ምስር፥ እንዲሁም ከአገር ቤት የተላከልን በሶና ሽሮ ነበር። ምግብ ቤት ላለመግባትም ተስማማን።

ከኡፕሳላ ወደ ሙራ፥ ከዚያም ኢ 45 በሚባለው መንገድ በኦስተርሱንድና በቪልሄልሚና አድርገን ወደ ሰሜን ተጓዝን። እስከ አቢስኮ ድረስ ከ1,400 ኪሎ ሜትር አያንስም። ግራና ቀኙ የጥድ ጫካና ሐይቅ ነው፤ ብዙ ኪሎ ሜትር ተጉዞ አንድ ቤት ብቻ የሚታይበት ጊዜ አለ። ዮክሞክ ከተማ ከመድረሳችን በፊት የአርክቲክን ክበብ ዐለፍን። ከዚያ መስመር በስተ ሰሜን በበጋ ፀሐይ ጨርሳ የማትጠልቅባቸው ቀኖች ስላሉ በእኩለ ሌሊት ያለ መብራት መጽሐፍ አነበብን። ቢምቢው ግን ብርሃን ሆነ ጨለማ አይልም፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲነክሰን ዐደረ።

በዚያ አገር ሬን የሚባል የአጋዘን ዓይነት መንጋ ሆኖ መንገድ ላይ ይቆማል። የዱር አውሬ ይመስላል እንጂ ባለቤት አለው፤ የባለቤቱም ምልክት በጆሮው ላይ ተቈርጦ ይታያል። ሬን ማርባት የሳሚ ሕዝብ ጥንታዊ ሥራና መብት ነው። ስለዚህ መንጋ ስናገኝ ሞተሩን አጥፍተን፥ ጥሩንባ ሳንነፋ፥ ግልገሎቹ ከእናቶቻቸው ጋር እስኪሻገሩ ድረስ እንጠብቅ ነበር።

እስከ አቢስኮ ድረስ ለመኝታ አንድም ክሮነር አላወጣንም። ይህም ሊሆን የቻለው ስዊድኖች «አለማንስሬተን» በሚሉት፥ ትርጓሜው «የሁሉ ሰው መብት» በሆነው ልማድ ነው። ማንም ሰው፥ የውጭ አገር ሰውም ቢሆን፥ መሬቱ የሌላ ሰው ሳለ በዱሩ በእግሩ ሊሄድ፥ የዱር ፍሬ ሊለቅም፥ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ድንኳን ተክሎ ሊያድር ይችላል። በ1994 ይህ መብት በስዊድን ሕገ መንግሥት ውስጥ ተጠቀሰ። ጎረቤቷ ኖርዌይ ደግሞ በ1957 ሕግ አውጥታለታለች፤ በዚያ ሕግ ድንኳን ከመኖሪያ ቤት ቢያንስ 150 ሜትር መራቅ አለበት። (ዘመኖቹ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ነገር ግን መብቱ ግዴታ አለው። ስዊድኖች «አትረብሽ፥ አታበላሽ» ብለው በአጭሩ ይናገሩታል። በሰው ግቢና በእርሻ ላይ አይገባም፤ መኪና ከመንገድ ወጥቶ በዱር አይነዳም፤ እሳት በዐለት ላይ አይነድም፥ ዐለቱ ይሰነጠቃልና። ድርቅ ሲሆንም እሳት ጨርሶ ይከለከላል። በ2018 በጋ በስዊድን የተነሣው የደን ቃጠሎ ከሌሎች አገሮች አውሮፕላን እስከ ማስመጣት ስላደረሰ፥ ይህ ክልከላ በቀላሉ የሚታይ አይደለም።

በቪልሄልሚና አካባቢ አንድ ሐይቅ ዳር ስንደርስ ከእኛ በፊት የሰፈሩ ሰዎች ጣሳ፥ ጠርሙስና አመድ ትተው ሄደው አገኘን። ሁለት ከረጢት ሞልተን ስንለቅም የመሬቱ ባለቤት የሆኑ አንድ ሽማግሌ መጡ። ወደ ሐይቁ የሚወስደው የጥርጊያ መንገድ የግላቸው ስለ ሆነ ለመኪና በሰንሰለት ሊዘጉት ማሰባቸውን ነገሩን። ሰንሰለቱንም በእጃቸው ይዘውት ነበር። ከረጢቶቹን ተቀብለውን ሄዱ፤ መንገዱን ይዝጉት አይዝጉት ግን አልነገሩንም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድንኳን በነቀልን ቊጥር ሣሩን ሳንመረምር አልተነሣንም።

ዮክሞክ አጠገብ የመኪናይቱ ዲናሞ ተበላሸና ቺንጋው ተበጠሰ። ጥገናው 2,300 ክሮነር፥ ማለት ካዋጣነው ከሩብ በላይ ወሰደ። አሳባችን ወደ ኖርዌይ ተሻግረን የሎፎተንን ደሴቶች ለማየት ነበር። ሁለቱ ተበድረን እንሂድ አሉ፤ ሁለቱ እንመለስ አሉ። ከእኛ አንዱ ለቤት ኪራይ ካስቀመጠው በቀር ሌላ ገንዘብ አልነበረውም፤ ይህንንም ለመናገር ሲቸገር ፊቱ ያስታውቅ ነበር። ክርክሩም ጓደኝነታችንን ሊያሻክር ደረሰ። በዚህ ጊዜ ገንዘብ ያዣችን ደብተሯን ገልጣ ከሁሉ በፊት የመመለሻውን ቤንዚን ለየች። በቀረው ገንዘብ ማንም ሳይበደርና ማንም ሳያፍር ምን ማየት እንደሚቻል ተመካከርን። ኖርዌይን ትተን አቢስኮ ላይ መኪናዋን ለማቆምና በእግር ለመሄድ ወሰንን።

አቢስኮ በ1909 ከተቋቋሙት ከስዊድን የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርኮች አንዱ ነው። «ኩንግስሌደን»፥ ማለት የንጉሥ መንገድ፥ የሚባለው 440 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የእግር መንገድ ከዚያ ይነሣል። በፓርኩ ውስጥ ደንቡ ጠንከር ስለሚል ድንኳን የሚተከለው በተፈቀደው ቦታ ብቻ ነው። እኛ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደን አቢስኮያውሬ ከተባለው ሐይቅ ደረስን። በተራራው ላይ ገና በረዶ ነበር፤ ውሃውን ከወንዙ በኩባያ ቀድተን ጠጣን፤ በሶአችንንም በዚያው ውሃ በጠበጥን። ሎፎተንን ባለማየታችን ያዘነ አልነበረም። ኡፕሳላ ስንመለስ ደብተሩ ተዘጋ፤ የተረፈውም 212 ክሮነር ለአራት ተካፈለ።

ውድ ተማሪዎች፤ ከዚህ ጉዞ ሁለት ነገር ተምረናል። አንደኛው፥ የጋራ ቦርሳ የሚጸናው ከሁሉ ያነሰ ያለው ጓደኛ አንገቱን ሳይደፋ እንዲሄድ ሲደረግ ነው። ሁለተኛው፥ የሁሉ የሆነ ነገር የማንም እንዳልሆነ ከተቈጠረ ዕድሜው ያጥራል። ያ ታላቅ ዱር ለእኛ ለእንግዶች ክፍት ሆኖ የቈየን ከእኛ በፊት ያለፉት ብዙዎች ስፍራውን ንጹሕ አድርገው ስለ ተዉልን ነው። የዚህ ትምህርት ቤት መጻሕፍት፥ ዛፎችና ሜዳም እንዲሁ ናቸው። እኛ ከቀደሙን ተቀበልናቸው፤ ለእናንተም አስረከብናቸው፤ እናንተም ለሚከተሏችሁ ታስረክቧቸዋላችሁ።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑር።