«ሲስተም የለም»፦ የኦንላይን ጌሞች የመክፈቻ ቀንና የተጫዋቹ ብስጭት

በሐረር ከተማ ለተማሪዎች፣ ለወላጆችና ለነዋሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ ሙሉ ቃል



የዛሬው ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ፈገግ ያሉ ባልደረቦች እንደነበሩ አውቃለሁ። ጌም ምን ሕዝባዊ ገለጻ ያስፈልገዋል የሚል ጥያቄም ደርሶኛል። መልሴ አጭር ነው። አንድ ኦንላይን ጌም በተከፈተ ዕለት የሚታየው ነገር፣ እጅግ ብዙ ሕዝብ በአንድ ሰዓት ወደ አንድ በር ሲመጣ የሚታየው ነገር ነው። እኛም ይህን በባንክ መስኮት ፊት እናውቀዋለን፤ የፈተና ውጤት በሚለቀቅበት ሌሊትም እናውቀዋለን። ስም እንኳ አውጥተንለታል፦ «ሲስተም የለም»። ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው ተጫዋቹን ከመጠበቁ ይልቅ የሚያስቆጣው ባለቤት የሌለው መልስ መሆኑን ነው። ይህ ደግሞ ሐረር ላይ ተቀምጦ ለሚጫወት ወጣት ከሌላው ዓለም ይልቅ ይከብዳል፤ ለምን እንደሚከብድ ቀስ ብለን እንደርስበታለን።

በታወቀው ምሳሌ ልጀምር። ዲያብሎ 3 የተባለው የብሊዛርድ ኩባንያ ጌም እ.ኤ.አ. ሜይ 15 ቀን 2012 ተከፈተ። ብቻውን መጫወት የሚፈልግ ሰው እንኳ ከኩባንያው ሰርቨር ጋር ሳይገናኝ መጀመር አይችልም ነበር። ገንዘቡን ከፍሎ፣ ሌሊቱን ነቅቶ የጠበቀው ሕዝብ ያገኘው መልስ ሰርቨሮቹ ተጨናንቀዋል፣ ቆይተው ይሞክሩ የሚል ነው፤ ከአጠገቡም «ስሕተት 37» የሚል ቁጥር። ኩባንያው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ቅጂ መሸጡን በኋላ አስታወቀ። ይህችን ቁጥር ልብ በሉልኝ። ሻጩ ስንት ሰው እንደከፈለው ያውቃል፤ ሊመጣ ያለውን እንግዳ ቆጥሮ ሳለ ድንገት እንደ መጣበት ሰው መናገሩ ነው ቁጣውን ያባባሰው። በደቡብ ኮሪያ ነገሩ በቁጣ ብቻ አላበቃም። የአገሪቱ የፍትሐዊ ንግድ ኮሚሽን ምርመራ ከፈተ፤ ኩባንያውም በዚያ አገር በጨዋታው ገና ሩቅ ላልሄዱ ተጫዋቾች ገንዘብ ለመመለስ ተስማማ። ወደዚህች ኮሪያ ኋላ ላይ እመለሳለሁ።

አሁን በሩ ላይ የሚሆነውን እንይ። ለዚህ ከሐረር የተሻለ ማስረጃ የለም። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተሠራው ግንብ አምስት በሮች ነበሩት፤ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር። ሌሊት ይዘጉ ነበር። እንበልና ንጋት ላይ 60,000 ሰው በአንዱ በር ፊት ቆሟል፤ በሩ በደቂቃ 1,000 ሰው ያሳልፋል። ሕዝቡ ሰልፍ ከያዘና እያንዳንዱ ተራውን ካወቀ የመጨረሻው ሰው ከአንድ ሰዓት በኋላ ይገባል። አንድ ሰዓት መጠበቅ ያሰለቻል፤ ጠብ ግን አያስነሣም። ሰልፍ ከሌለ ግን ሁሉም በየ10 ሰከንዱ በሩን ያንኳኳል። ይህም በደቂቃ 360,000 ማንኳኳት ነው። በረኛው ለእያንዳንዱ «አይቻልም» እያለ ሲመልስ ጉልበቱ በመመለሱ ያልቃል፤ ቀድሞ ያሳልፋቸው የነበሩትን 1,000 ሰዎች እንኳ ማሳለፍ ያቅተዋል። ሰርቨር «ወደቀ» የምንለው ብዙ ጊዜ ይህንን ነው። በሩን የሚያንኳኳው ሕዝብ ጥፋተኛ አይደለም፤ ተራው መቼ እንደሆነ የነገረው ስለሌለ ማንኳኳቱ ብቸኛ አማራጩ ነው።

ተማሪዎቼ ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ ታዲያ ለምን ሰርቨር አይጨምሩም? አንዳንዴ ይህ በቂ ነው። ፖኬሞን ጎ እ.ኤ.አ. ጁላይ 2016 ሲከፈት የመጣው የአገልግሎት ጥያቄ አዘጋጆቹ ካቀዱት 50 እጥፍ እንደነበረ ጎግል ገልጿል፤ ለክፉ ቀን ብለው ያሰቡት 5 እጥፍ ነበር። በኪራይ ማሽኖች ላይ ስለነበሩ ማሽን እየጨመሩ ቀስ በቀስ ተቋቋሙት። ብዙውን ጊዜ ግን ጠባቡ ቦታ ሌላ ነው። ከግንቡ ውስጥ መቶ አዳዲስ ቤቶች ብትሠሩ በሩ አይሰፋም። የእያንዳንዱ ተጫዋች ስም፣ ንብረትና ደረጃ የተመዘገበበት የመረጃ ቋት አንድ ነው፤ መግባትና መውጣቱ ሁሉ በእርሱ በኩል ያልፋል። እርሱን ማስፋት ኮዱን እንደገና መጻፍን ይጠይቃል፤ ይህም በአንድ ሌሊት አይሆንም።

ስለ ሲምሲቲ ብዙ አልቆይም። እ.ኤ.አ. ማርች 2013 ተከፍቶ ለቀናት ሳይሠራ ቆየ፤ አማዞን የዳውንሎድ ሽያጩን ለጊዜው አቆመ። ኩባንያው ጌሙ ያለ ሰርቨር ሊሠራ እንደማይችል ሲያስረዳ ቆይቶ ከአንድ ዓመት በኋላ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራበትን መንገድ ራሱ አወጣ። የሰርቨር መጨናነቅ ይረሳል፤ እንዲህ ያለው ማስተባበያ ግን አይረሳም።

ከዚህ በተቃራኒ የሚቆመው የስኩዌር ኤኒክስ ፋይናል ፋንታሲ 14 ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ሲከፈት ጌሙ ራሱ ደካማ ስለነበር የኩባንያው ፕሬዚዳንት በይፋ ይቅርታ ጠየቁ፤ ወርኃዊ ክፍያው ታገደ፤ በመጨረሻም በ2012 ተዘግቶ በ2013 እንደ አዲስ ተከፈተ። በዲሴምበር 2021 አዲሱ ክፍል ሲወጣ ወረፋው ለሰዓታት ይዘልቅ ነበር። ዳይሬክተሩ ናኦኪ ዮሺዳ በተከታታይ ረጃጅም ጽሑፎች ምክንያቱን አስረዱ፦ በዓለም ላይ የቺፕ እጥረት ስላለ አዲስ ሰርቨር ማግኘት አልተቻለም አሉ። ለከፈሉት ተጫዋቾች በመጀመሪያ 7፣ ቀጥሎም 14 ነፃ ቀናት ተጨመሩ። ከዚያም በላይ ኩባንያው የጌሙን ሽያጭ ራሱ አቆመ፤ የውስጡ ሰው እስኪተነፍስ አዲስ ሰው አላስገባም አለ። ወረፋው አላጠረም፤ ነገር ግን የተጫዋቹ ቁጣ የሚሄድበት አድራሻ አገኘ። እኔ በግሌ ከነፃ ቀናቱ ይልቅ ሽያጩን ማቆሙን አደንቃለሁ፤ ገበያ በደራበት ሰዓት ሱቁን የሚዘጋ ነጋዴ ብርቅ ነውና።

አሁን ወደ እኛ ወደሚቀርበው ልምጣ። ሄልዳይቨርስ 2 የተባለውን ጌም የሠራው የስቶክሆልሙ አሮውሄድ ስቱዲዮ ነው፤ ያሳተመው ሶኒ። የተከፈተው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2024 ነበር። ስቱዲዮው ይህን ያህል ሰው አልጠበቀም፤ ሥርዓቱ እንዳይፈርስ በአንድ ጊዜ ከ450,000 በላይ ተጫዋች እንዳይገባ ጣሪያ አበጀለት። የገቡት ደግሞ እንደገና መግባት እንዳያቅታቸው ሳይጫወቱም ጌሙን ከፍተው ይተኙ ጀመር፤ ወንበር ይዞ የሚያድር ሰው ማለት ነው። ስቱዲዮው ቆይቶ ሳይንቀሳቀስ የቆየን ተጫዋች የሚያስወጣ ሥርዓት ጨመረ። የድርጅቱ ኃላፊ ትርፍ ገንዘብ የሌላችሁ ሁሉ ለአሁኑ አትግዙ፣ ቆዩ ብለው መከሩ። በዚህ ምክንያት ያ ወር ያለ ብዙ ቂም አለፈ።

ቂሙ የመጣው በሜይ ነው። ሶኒ በኮምፒውተር የሚጫወቱት ሁሉ የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ አካውንት እንዲከፍቱ ግዴታ እንደሚሆን አስታወቀ። ይህ አገልግሎት በይፋ የሚሰጥባቸው አገሮች ዝርዝር አለ፤ ኢትዮጵያ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለችም። ከ170 በላይ በሚሆኑ አገሮችና ግዛቶች ጌሙ ከስቲም መሸጫ ተነሣ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ200,000 በላይ ተቃውሞ በግምገማ መልክ ተጻፈ፤ ሶኒም ግዴታውን ተወው። ሽያጩ ግን በእነዚያ አገሮች ወዲያው አልተመለሰም። በመክፈቻው ቀን በሩ ላይ የቆመ ሰው ሰልፉ ቢረዝምም እንደሚገባ ተስፋ ያደርጋል። በዝርዝሩ ላይ የሌለ ሰው የሚጠብቀው ተራ የለውም።

እስኪ ይህን ሐረር ላይ እንመልከተው። እዚህ ከተማ አንድ ልጅ አዲስ ጌም ሊጫወት ተቀምጦ አልገባለት ሲል፣ ጥፋቱ ከቤቱ መብራት ጀምሮ እስከ ኩባንያው ሰርቨር ድረስ የትም ሊሆን ይችላል። የስልኩ ዳታ አልቆ ይሆናል። የአገር ውስጥ መስመር ይሆናል። የባሕር ኬብል ይሆናል፤ ሄልዳይቨርስ በተከፈተበት በዚያው በፌብሩዋሪ 2024 በቀይ ባሕር ሥር ያሉ በርካታ ኬብሎች ተበጥሰው ነበር። ስቶክሆልም ያለው ልጅ «ስሕተት» የሚል ጽሑፍ ሲያይ የሚጠረጥረው አንድ አካል ነው። የሐረሩ ልጅ የሚጠረጥራቸው አምስት ናቸው፤ ስለዚህም ማንንም መጠየቅ አይችልም። በዚህ ረገድ ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ሙከራውን ጀምሮ ወደ እኛም መምጣቱ ከዋጋ ውድድር ሌላ አንድ ጥቅም አስገኝቷል። ልጆቹ ሁለት ሲም ይዘው በአንዱ እምቢ ሲላቸው በሌላው ይሞክራሉ፤ ሁለቱም እምቢ ካሉ ችግሩ ከራቀ ቦታ ነው ይላሉ። ይህ ከመማሪያ ክፍል ያልተገኘ፣ ግን ትክክለኛ የምርመራ ዘዴ ነው።

የርቀቱ ጉዳይ ደግሞ የተለየ ነው። ብርሃን በመስታወት ኬብል ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ 1,000 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ 10 ሚሊሰከንድ ይበላል። በኬብል 7,000 ኪሎ ሜትር ርቆ የተቀመጠ የአውሮፓ ሰርቨር ሌላ ምንም መዘግየት ሳይጨመርበት 70 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ፐብጂ ሞባይል የሚጫወቱ ልጆች «እኔ ሳልተኩስ ሞትኩ» ሲሉ ሰበብ የሚፈጥሩ የሚመስላችሁ ወላጆች ካላችሁ፣ ልጆቹ ብዙ ጊዜ እውነታቸውን ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን የካሣው ነገር ነው። ኩባንያዎች ስሕተታቸውን ሲያርሙ የሚሰጡት የጌም ቀን ወይም የጌም ሳንቲም ነው። የእኛ ልጅ የከሰረው ሌላ ነው። በአሥር የሚቆጠር ጊጋባይት የሚመዝነውን ጌም ለማውረድ ርካሹን የሌሊት ጥቅል ጠብቆ ገዝቷል፤ ጥቅሉ ሰዓቱ ሲደርስ ያልቃል፣ ጌሙ ተከፈተም አልተከፈተም። ዓለም አቀፍ ካርድ ስለሌለውም ብዙ ጊዜ የሚገዛው ካርድ ባለው ሰው በኩል ነው፤ ብሩን በስልክ ይልካል፣ ሰውየው በዶላር ይከፍልለታል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ ያው ጌም በእጥፍ ገደማ ተወደደ ማለት ነው። ኩባንያው ገንዘብ ልመልስ ቢል እንኳ የሚመለሰው ወደ ካርዱ ባለቤት ነው።

ኮሪያን የጠቀስኩት ለዚህ ነው። እኛም የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ አለን፤ ቁጥር 813/2006። ሕጉ መኖሩ መልካም ነው። ነገር ግን ሻጩ በአገሩ ጽሕፈት ቤት ከሌለው፣ ገዢው በሌላ ሰው ካርድ ከከፈለ፣ አቤቱታው በማን ስም ይጻፋል? የሕግ ባልደረቦቼ ይህን ጥያቄ ቢወስዱት ደስ ይለኛል።

ከሁሉ የሚብሰው የአገር ስም ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያ በዝርዝሩ ውስጥ ስትጠፋ ልጁ ሌላ አገር መርጦ ይመዘገባል። ይህን የሚያደርጉት ጥቂቶች አይደሉም፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥም እጅ አውጡ ብል የሚያወጣ አይጠፋም፣ አልልም እንጂ። በዚያች ሰዓት ግን የአቤቱታ መብቱን አብሮ አስረክቧል። ሰርቨሩ ሲወድቅ፣ ንብረቱ ሲጠፋ፣ አካውንቱ ሲዘጋ ለኩባንያው ቢጽፍ የመጀመሪያው ጥያቄ «የምትኖረው የት ነው?» የሚል ይሆናል። እውነቱን ቢናገር ውሉን ማፍረሱን ያምናል። ስለዚህ ዝም ይላል። ስታቲስቲክስ ላይ የኢትዮጵያ ተጫዋች አይቆጠርም፤ ያልተቆጠረ ሕዝብ ባለበት አካባቢ ደግሞ ማንም ሰርቨር አይተክልም።

ለኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎቼ አንድ ነገር ልበልና ላብቃ። በዚህ ዓመት የምትሠሩት ሥርዓት ጌም አይሆን ይሆናል፤ የክሊኒክ ቀጠሮ፣ የትምህርት ቤት ምዝገባ ሊሆን ይችላል። የ12ኛ ክፍል ውጤት በቅርብ ዓመታት በድረ ገጽ ብቻ ሳይሆን በቴሌግራምና በአጭር የጽሑፍ መልእክትም መለቀቁን አስተውላችኋል፤ በር ማብዛት ማለት ይህ ነው። ከማስረከባችሁ በፊት ሥርዓቱ የሚወድቅበትን ቀን የሚያሳየውን ገጽ አምጡልኝ። ማን እንደሚናገር፣ ምን እንደተበላሸ፣ ሰውየው ስንተኛ እንደሆነና የከፈለው እንዴት እንደሚመለስለት በአማርኛ፣ በሐረሪና በአፋን ኦሮሞ ተጽፎ ማየት እፈልጋለሁ። ውጤቱ ከመቶ 20 የሚይዘው ከዚህ ገጽ ነው።

 ከኋላ እጅ ያወጣኸው ልጅ፣ ጥያቄህን ቀጥል።