ውሃ በዋልካና በደለል፦ የፎገራ መስኖ በሰዓት ወይስ በአፈር?



የዛሬው ንግግሬ በአንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራል፦ በማሳችን ላይ የለቀቅነው ውሃ የት ይደርሳል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ እኔን ግን ከዓመታት በፊት አሳፍሮኛል። በበጋ ማብቂያ፣ በተሰነጣጠቀ ዋልካ ላይ የስርገት መለኪያ ቀለበት ተክዬ ውሃ ሞላሁ። ውሃው በደቂቃዎች ውስጥ ተሰወረ፤ እኔም አፈሩ እንደ አሸዋ ውሃ የሚጠጣ መሆኑን በመዝገቤ ጻፍሁ። የማሳው ባለቤት የሆኑት አዛውንት ፈገግ ብለው፣ ውሃው ወደ ስንጥቁ ወረደ እንጂ አፈሩ ገና እንዳልጠጣው ነገሩኝ። መሬቱ ረጥቦ ስንጥቁ ከተከደነ በኋላ መለኪያውን ስደግመው፣ ጧት የሞላሁት ውሃ እስከ ማታ ብዙም አልጎደለም። የመጀመሪያውን ቁጥር ሰረዝሁት።

ዋልካ ከመቶ 30 እጅና ከዚያ በላይ ሸክላ ያለው አፈር ነው። ሸክላውም ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚኮማተር ዓይነት ነው። ስለዚህ በበጋ መጀመሪያ የሚሰጠው ውሃ በስንጥቁ በኩል ከሥር በታች ወርዶ ይባክናል፤ ስንጥቁ ሲዘጋ ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣው ውሃ ላይ ላዩን ተኝቶ ይቀራል። ቀለል ያለ ኩትኳቶ የስንጥቁን አፍ ይደፍናል። ከዚህም የሚሻለው አፈሩ ጨርሶ እስኪሰነጠቅ ሳይጠብቁ ማጠጣት ነው።

ይሁን እንጂ የፎገራ ሜዳ ሁሉ ዋልካ አይደለም። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ተነሥተው ወደ ጣና ሲወርዱ በክረምት ከአልጋቸው እየወጡ ሜዳውን ያለብሱታል። ጎርፍ ከወንዙ ሲወጣ ጉልበቱ ይደክማል፤ ከባዱን አሸዋ እዚያው ወንዙ ዳር ይጥለዋል፣ የላመውን ሸክላ ግን ተሸክሞ ርቆ በረባዳው ቦታ ያሳርፈዋል። በዚህም ምክንያት አንድ ገበሬ በወንዙ ዳር ያለው ማሳውና ከዚያ ራቅ ብሎ ያለው ማሳው በጠባያቸው ባዕድ ለባዕድ ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለቱን ግን በአንድ ሞተር፣ በአንድ ተራ፣ ለእኩል ሰዓት ያጠጣቸዋል።

ይህ ምን ያህል እንደሚያከስር እናስላ። በሴኮንድ 10 ሊትር የሚያወጣ ሞተር በአንድ ሰዓት 36 ሜትር ኩብ ውሃ ይሰጣል። ይህ ውሃ በሩብ ሄክታር ላይ እኩል ቢነጠፍ 14 ሚሊ ሜትር ያህል ጥልቀት ይኖረዋል። አሸዋ የቀላቀለ ለም አፈር ረጥቦ ከተረጋጋ በኋላ በሰዓት ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ማስረግ ስለሚችል ይህን በቀላሉ ይውጠዋል። ሸክላ የሚያሰርገው ግን በሰዓት ከ1 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የቀረው ወይ ከትልሙ መጨረሻ ይፈሳል፣ ወይ ሽንኩርቱን በውሃ ውስጥ ያቆመዋል። ሥሩ አየር አጥቶ ሲበሰብስ ብዙዎቻችን በሽታ ገባበት እንላለን። አንዳንዴም እውነት ነው፤ በሽታውን የጠራነው ግን እኛ ነን።

አሁን ደግሞ ሌላውን ወገን እንመልከት። የሽንኩርት ሥር አብዛኛው በላይኛው 30 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ነው። በዚህ ጥልቀት አሸዋማው አፈር ለተክል የሚሆን 30 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ሲይዝ ሸክላው 60 ያህል ይይዛል። ሽንኩርት ውሃ ጥምን የማይታገሥ ተክል ስለሆነ፣ ከተያዘው አንድ ሦስተኛው ገደማ ሳያልቅ መተካት አለበት። በቀን ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሚጠቀም ከሆነ፣ በአሸዋማው መሬት በሁለተኛው ቀን፣ በዋልካው በአራተኛው ቀን ገደማ ተራው ይደርሳል ማለት ነው። በአሸዋማው ጥቂት ጥቂት ውሃ ቶሎ ቶሎ፤ በዋልካው ሰፋ ባለ ልዩነት፣ ነገር ግን በዝግታ። ሁለቱን በየሳምንቱ አንድ ቀን የሚያጠጣ ሰው አንዱን አስጠምቶ ሌላውን ያጨቀያል።

ትልሙም እንደ አፈሩ ይለያል። በአሸዋማው አጠር ያለ፣ ጠባብና ጠለቅ ያለ ትልም አውጥቶ ውሃውን በኃይል መልቀቅ ይገባል፤ አለበለዚያ የትልሙ ራስ ውሃውን ሁሉ ጠጥቶ ጅራቱ ደረቅ ይቀራል። በዋልካው ትልሙ ረዘም፣ ሰፋና ጠለል ቢል ይሻላል፤ የሞተሩም ውሃ ለብዙ ትልም ተከፍሎ በቀስታ ይሂድ። ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ሞተሩም ነዳጁም ያው ነው።

ይህ የዋልካ ጠባይ ሁልጊዜ ጠላት እንዳልሆነ ደግሞ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ውሃ የማያሳልፈው ሸክላ ነው ፎገራን የሩዝ አገር ያደረጋት። ሩዝ ከተነሣ በኋላም ጓያና ሽምብራ ያለ አንዳች መስኖ በቀረው እርጥበት የሚበቅሉት በዚሁ አፈር ነው። እኔ በበኩሌ ጥልቅ ዋልካን በበጋ ለሽንኩርት ከማስገደድ ይልቅ ለጓያና ለሽምብራ መተው፣ የሞተሩንም ውሃ ለደለሉ መሬት ማዋል የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ። የሽንኩርት ዋጋ ሲወደድ ይህን ምክር የሚሰማኝ እንደሌለ አላጣሁትም።

ነገሩን አንገብጋቢ የሚያደርገው በበጋ ሞተር በበዛ ቁጥር የወንዙ ውሃ እየሳሳ መሄዱ ነው። ከላይ ያለው ያለ ልክ ሲያጠጣ ከታች ላለው አሸዋ ብቻ ይቀራል፤ ጠብም ይነሣል። ከርብ ግድብ በሚለቀቀው ውሃም ቢሆን፣ የውሃ ተራ የሚያወጡ የውሃ አባቶች ተራውን በሄክታር ብቻ ከደለደሉት ያው ስሕተት በትልቁ ይደገማል። የአፈሩ ዓይነት ከተራው መዝገብ ውስጥ ሊገባ ይገባል።

አፈራችሁን ለመለየት ቤተ ሙከራ መምጣት አያስፈልጋችሁም። ከላይም ከታችም የተከፈተ ቆርቆሮ መሬት ውስጥ ጥቂት ትከሉ፣ አፈሩን አስቀድማችሁ በደንብ አርጥቡት፣ ከዚያም ውሃ ሞልታችሁ በሰዓት ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚጎድል በማስመሪያ ለኩ። ስንጥቅ ላይ ግን እንዳትተክሉት፤ እኔ የተሳሳትሁት እዚያ ላይ ነው። ተማሪዎቼ ቆርቆሮዎቹን ይዘው ከውጭ እየጠበቁን ነው፤ መጀመሪያ ወደ ወንዙ ዳር ማሳ፣ ከዚያ ወደ ዋልካው እንሂድ። ጥያቄዎቻችሁን እዚያው እቀበላለሁ።