ስለ እርጎ ባክቴሪያና ስለ ካንሰር
(በዕድራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተሰጠ ንግግር)



እንደምትሰሙት ሰሞኑን በሰፈራችን «እርጎ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ካንሰርን ያጠፋል» የሚል ወሬ በሰፊው ይነገራል። እንዲያውም ይህንኑ አምኖ የሆስፒታል ቀጠሮውን የተወ ሰው እንዳለ ለኮሚቴው ተነግሮታል። በመሆኑም እውነቱን ከወሬው ለይተን እንድናውቅ ይህችን አጭር ንግግር አቀርባለሁ።

1ኛ/ ወሬው ከምን ተነሣ?
ባክቴሪያ ሁሉ ጠላት አይደለም። በአንጀታችን ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌለው ባክቴሪያ ይኖራል፤ ምግብ በማብላላት ይረዳናል፣ የሰውነታችንንም የመከላከያ ኃይል ያግዛል። በፓሪስ የፓስተር ኢንስቲትዩት ይሠራ የነበረውና በ1908 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሊቅ ኤሊ ሜችኒኮፍ፣ የረጋ ወተት ባክቴሪያ ዕድሜ ያረዝማል ብሎ ያምን ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለውን ጠቃሚ ሕያው ባክቴሪያ ፕሮባዮቲክ ይሉታል። እርጓችንን የሚያረጋውም ባክቴሪያ ነው። የእንጀራው እርሾ ግን ምጣድ ላይ ሲበስል ይሞታል።

2ኛ/ ታዲያ ባክቴሪያ ካንሰርን ይዋጋል ወይ?
አንድ የታወቀ አለ። ለአራስ ልጆቻችን ክንድ ላይ የሚወጋው የነቀርሳ ክትባት፣ ቢሲጂ የሚባለው፣ የተዳከመ ሕያው ባክቴሪያ ነው። ይኸው ባክቴሪያ ሥር ላልሰደደ የሽንት ፊኛ ካንሰር መድኃኒት ሆኗል። የካናዳ ሐኪሞች ውጤቱን በ1976 እ.ኤ.አ. አሳወቁ፤ ዛሬም ይሠራበታል። የሰውነትን መከላከያ ቀስቅሶ ካንሰሩን እንዲያጠቃ ያደርጋል። ነገር ግን ሐኪም ለክቶ በቱቦ ፊኛ ውስጥ ይጨምረዋል እንጂ አይጠጣም፤ እርጎም አይደለም።

እርጎ ወይም የፕሮባዮቲክ እንክብል ካንሰርን አዳነ የሚል ማስረጃ ግን የለም። በ2021 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በወጣ ጥናት፣ የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃ መድኃኒት ከሚወስዱ የቆዳ ካንሰር ሕሙማን መካከል አሰር ያለው ምግብ፣ ማለትም አትክልት፣ ፍራፍሬና ጥራጥሬ በብዛት የበሉት የተሻለ ውጤት አግኝተዋል። እንክብሉን የወሰዱት ግን የተለየ ጥቅም አላገኙም።

3ኛ/ ምን እንጠንቀቅ?
ሀ/ ጤነኛ ሰው እርጎውን ይጠጣ፤ ምግብ ነው። ካልተፈላ ወተት የተሠራ ከሆነ ግን የከብት ነቀርሳና ሌላም በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል።
ለ/ የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ ሰው የመከላከያ ኃይሉ ሊደክም ስለሚችል፣ ሕያው ባክቴሪያ ደሙ ውስጥ ገብቶ ሊጎዳው ይችላል። እርጎም ሆነ እንክብል ከመውሰዱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።
ሐ/ ጡት ላይ እብጠት ያየ፣ ያለወትሮው ደም የፈሰሰው፣ ያለምክንያት የከሳ ሰው ዛሬ ነገ ሳይል ይመርመር። ካንሰር ቶሎ ሲደረስበት የመዳን ተስፋው ይበልጣል።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ዕድራችን ድንኳን ተክሎ ለመቅበር ማንም አይቀድመውም። ሰው በሕይወት ሳለ ሐኪም ቤት ማድረስስ ያቅተናል ወይ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ የታመመ አይደበቅ። ቀጠሮውን የተወው ወገናችንም ነገ ጠዋት ይመለስ። አጃቢ ያጣ ሁሉ ለጸሐፊው ይንገር፤ ከመካከላችን ሰው እንመድባለን።



የዕድሩ ጸሐፊ