የሄርንደን ባቡር ጣቢያና የጎርጎራ ወደብ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ሊቀ መንበራችን አሥር ደቂቃ ሰጥተውኛል። የገንዘቡን ነገር ሒሳብ ሹማችን ስለጨረሱት እኔ ስለ አንዲት ትንሽ ቤት ላውራችሁ።

ወደዚህ ስትመጡ ብዙዎቻችሁ የብስክሌቱን መንገድ አቋርጣችኋል። እሱ ዳር የቆመችውን የእንጨት ቤት ልብ ያላችኋት ግን ጥቂት ትሆናላችሁ። እኔም አሥራ አንድ ዓመት በአጠገቧ ስመላለስ ገብቼባት አላውቅም ነበር። ባለፈው ሰመር አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ልጄ “አባዬ፣ በሩ ክፍት ነው” አለችኝና ገባን።

ቤቷ የድሮው የሄርንደን ባቡር ጣቢያ ናት። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1968 ሥራ አቆመ፤ የሐዲዱም መስመር 45 ማይል የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሆነ። ጣቢያዋ ግን አልፈረሰችም፤ የከተማው የታሪክ ማኅበር ሙዚየም አድርጓታል። አሮጌ ፎቶግራፍና የባቡር ዕቃ ነው ያለው። የሚያስጎበኙትም በነፃ የሚያገለግሉ ሰዎች ናቸው።

የገረመኝ የስሙ ነገር ነው። ከባሕር የራቀችው ይህች ከተማ የተጠራችው በመርከብ አዛዥ ስም ነው። ካፒቴን ዊሊያም ሉዊስ ሄርንደን “ሴንትራል አሜሪካ” የተባለችው መርከብ አዛዥ ነበር። መርከቧ የካሊፎርኒያ ወርቅና መንገደኞች ጭና ስትሄድ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1857 ማዕበል መታት። ሴቶችና ሕፃናትን ወደ ሌላ መርከብ አሻግሮ እሱ ከመርከቧ ጋር ሰጠመ፤ ከ400 በላይ ሰውም አለቀ። የአገሩ ሰዎች እንደሚተርኩት ከአደጋው የተረፈ አንድ ሰው፣ ለፖስታ ቤቱ ስም ሲፈለግ ታሪኩን አጫወታቸው፤ እነሱም ስሙን ወሰዱት።

አስጎብኚዋ ሴትዮ “እናንተስ ከየት ናችሁ?” አሉን። ከጎርጎራ፣ ከጣና ዳር፣ አልኩ። “እንዲህ ያለ ሙዚየም አላችሁ?” ሲሉኝ ኩራት ያዘኝና የደብረ ሲና ማርያምን ሥዕሎች፣ የአፄ ሱስንዮስን ግንብ ቆጠርኩላቸው። ልጄ እጄን ጎተት አድርጋ “የአያቴ መርከብስ?” አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

አባቴ በባሕር ዳርና በጎርጎራ መካከል በሚመላለሰው መርከብ ላይ ሠርቷል። ማታ ማታ በደብተር ይጽፍ ነበር፤ ስንት ሰው እንደተሳፈረ፣ ደቅ ላይ ስንቱ እንደወረደ፣ ምን እህል እንደተጫነ፣ ነፋሱ ከየት እንደነፈሰ። ሲያርፍ እዚህ ነበርኩ፤ የደረስኩት ለአርባው ነው። ደብተሮቹን ስጠይቅ እህቴ ደነገጠች። ወረቀቱ በርበሬ መጠቅለያ ሆኖ አልቋል። በእሷ አልፈርድም፤ አንድም ቀን ደውዬ “አስቀምጪልኝ” አላልኩም።

ታንኳውን ደግሞ አስቡት። ደንገሉ ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ ይታሰራል። ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከሥራ በኋላ ወጥቶ ይቆማል፤ እንደዚያም ሆኖ ዕድሜው ጥቂት ወራት ነው። ስለዚህ ታንኳን በመስታወት ውስጥ ማስቀመጥ ብቻ አይበቃም፤ የሚቀመጠው የሚያስረው ሰው እጅ ነው። የነገደ ወይጦ አባቶች ሲሠሩ በቪዲዮ ይቀረጽ የምለው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1986 ወዲህ ጣና ላይ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገብቷል፤ በኋላም እምቦጭ መጣ። ቆረሶና አምባዛ በታንኳ እንዴት ይያዝ እንደነበር የሚነግሩን ሰዎች እያረጁ ነው።

አንዳንዶቻችሁ በስልክ “ሰው መድኃኒት እያጣ ስለ ሙዚየም ታወራለህ?” ብላችሁኛል። ልክ ናችሁ። ለክሊኒኩ ከተያዘው ገንዘብ አንድ ዶላር እንዲነካ አልጠይቅም። ሕንፃም አልጠይቅም። የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ ጥግና አንድ ቁልፍ ያለው ሣጥን ይበቃል፤ ቁልፉን የሚይዝ ሰው ግን እዚያው ያሉት ይምረጡ፤ ከሄርንደን ሆነን አንሹምላቸው።

በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ልጄ ስካነር ይዛ ተቀምጣለች። በስልካችሁም ሆነ በቦርሳችሁ ያለውን የጎርጎራ ፎቶግራፍ ስጧት፤ ዛሬውኑ ትመልስላችኋለች። ፎቶው ላይ ያሉትን ሰዎች ስም ንገሯት፤ ስም የሌለው ፎቶግራፍ ለልጆቻችን ባዳ ነው።

እኔ ያመጣሁት አንድ ገጽ ነው፤ ከአባቴ ደብተሮች የተረፈው እሱ ብቻ ነው። ዳሩ አሁንም የበርበሬ ቀለም አለው። ጥቅምት 11 ቀን 1976 ዓ.ም. ይላል፤ 37 ሰው፣ 12 ኩንታል ጤፍ፣ ነፋስ ከምዕራብ፣ አንዲት ምጥ የያዛት ሴት ከነእናቷ። ስሟን አልጻፈም። ሴትዮዋን ወይም የዚያን ቀን ልጅ የሚያውቅ ካለ፣ እባካችሁ፣ ከምሳ በፊት ፈልጉኝ።