ባይከዳስ ኖሮ?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በአንድ ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ብዙዎቻችን በፊልም የምናውቀው አንድ ክፉ ሰው አለ፤ ስሙም ዳርዝ ቬደር ይባላል። «ስታር ዎርስ» በተባለው፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1977 መታየት በጀመረው የጠፈር ታሪክ ውስጥ ፊቱን በጥቁር ጭምብል ሸፍኖ ይታያል። ከመክፋቱ በፊት ግን አናኪን የሚባል ጎበዝ ወጣት ነበረ። ሚስቱ እንዳትሞትበት ቢፈራ መምህራኑን ከዳ። ፊልሙን የሚወዱ ሰዎችም እስከ ዛሬ «ባይከዳ ኖሮስ?» እያሉ ሌላ ታሪክ ይፈጥሩለታል።

እኔ ይህንኑ ጥያቄ ከጠፈር አውርጄ ወደ አገራችን ላምጣው።

ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የልጅ ልጅ ልጅና የዐፄ ኃይለ ሥላሴ አማች ነበረ። ሚስቱ ልዕልት ዘነበወርቅ ከጦርነቱ በፊት በወጣትነቷ አረፈች። የትግራይ ግዛት ለእርሱና ለራስ ሥዩም መንገሻ መከፈሉም ያስቆጨው ነበር። የጣልያን ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ሲሻገር፣ ወደ መቀሌ የሚወስደውን መንገድ እንዲጠብቅ የታዘዘው እርሱ ነበረ። መስከረም 30 ቀን ግን ወደ 1,200 የሚጠጉ ተከታዮቹን ይዞ ለጠላት ገባ።

እንግዲህ ባይከዳ ኖሮ መቀሌ ትድን ነበርን? አይመስለኝም። ጄኔራል ዴ ቦኖ ከ100,000 በላይ ወታደር ነበረው። መንገዱ ተከፍቶለት እንኳ ቸኩሎ አልገሰገሰም፤ መቀሌን የያዘው ጥቅምት 28 ቀን ነው። የእኛ ዋና ጦር ደግሞ ገና በጉዞ ላይ ነበረ። ክዳቱ የነጠቀን ከመሬት ይልቅ መተማመንን ነው፤ ከዚያ በኋላ መኳንንቱ እርስ በርስ በጥርጣሬ ተያዩ። ደግሞም ነገሩ የአንድ ቀን ሥራ አልነበረም። ሰውየው ከጦርነቱ አስቀድሞ ከጣልያኖች ጋር በምስጢር ይላላክ ነበርና «ባይከዳ ኖሮ» ስንል ከየትኛው ቀን እንደምንጀምር እንኳ ያስቸግራል። ፊልሙ በዚህ ይቀላል።

ያልከዳውን አማች ለማየት ግን ታሪክ መፍጠር አያስፈልገንም። በዚያው ዘመን ዛሬ ጌዴኦ ዞን የምንለው አገር በሲዳሞ ግዛት ሥር ነበረ፤ ገዥውም የልዕልት ተናኘወርቅ ባል ራስ ደስታ ዳምጠው ነበሩ። እርሳቸውም እንደዚያኛው የንጉሠ ነገሥቱ አማች ናቸው። በጥር 1928 ዓ.ም. በገናሌ ዶርያ የግራዚያኒ አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ ጦራቸውን በተነው። አዲስ አበባ በሚያዝያ 27 ቀን ተያዘች፤ ንጉሠ ነገሥቱም ተሰደዱ። ለመግባት ምክንያት የሚፈልግ ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ያገኛል? ራስ ደስታ ግን መዋጋታቸውን አልተዉም። ጠላት ይርጋለምን የያዘው በኅዳር 1929 ዓ.ም.፣ ማለትም ዋና ከተማችን ከተያዘች ከሰባት ወር ያህል በኋላ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው አለመክዳቱ ጦርነቱን ባያሸንፍ እንኳ ምን ያህል ጊዜ እንደሚገዛ በዚህ በደቡብ ተለክቷል።

አንድ ነገር ልጨምር። የጌዴኦ ገበሬ በዚያን ጊዜ በገባርነት ቀንበር ሥር ስለ ነበረ፣ ታማኝነትንና ክዳትን መኳንንቱ እንዳዩት ላያይ ይችላል። እርሱም የራሱ «ባይሆን ኖሮ» ነበረው፤ በዚያ ላይ ሌላ ተማሪ ቢናገርበት ደስ ይለኛል።

ራስ ደስታ የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. ተይዘው ተገደሉ። ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ ከጣልያኖች የራስነት ማዕረግ ተቀበለ። ከነጻነት በኋላ ሞት ተፈረደበት፤ ፍርዱም ወደ እስራት ተለወጠለትና ከራስ ደስታ በኋላ ከ40 ዓመት በላይ ኖረ።