ባትሪው፣ ሙቀቱና ግቢያችን
(በማኅበራችን 25ኛ ዓመት የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው ለንግግሬ የሰጠኝ ርዕስ «ኤሌክትሮኬሚስትሪና የቁስ ምርምር ለዘላቂ ነገ» የሚል ነው። ርዕሱ ከእኔ ይተልቃል። ስለዚህ ሁላችንም ከምናውቀው፣ ከአልጋው ሥር ወይም ከራኩባው ጥግ ከተቀመጠው ባትሪ ልጀምር። የምጠራቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በኅዳር 2020 የትግራይ ጦርነት ሲጀመር፣ ከሁመራና ከአካባቢዋ ድንበር ተሻግረው የመጡ ወገኖቻችን መጀመሪያ ካረፉባቸው ቦታዎች አንዱ መንደር 8 ነበር። መንደሩ ራሱ የተፈናቃይ መንደር ነው። በላይኛው አትባራና በሰቲት ላይ ግድብ ሲሠራ ቦታቸውን ለለቀቁ ሱዳናውያን የተቆረቆረ ነው። ሰቲት የምንለውም ያው ተከዜ ነው። ግድቡ በየካቲት 2017 ሲመረቅ 320 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ታስቦ ነበር። እንግዲህ ለመብራት ሲባል ከቀያቸው የተነሡ ሰዎች፣ በጦርነት ከቀያቸው የተነሡትን ተቀበሉ ማለት ነው። ይህን ውለታ ማኅበራችን በዚህ መጽሔት ላይ ሳያነሣው ማለፍ የለበትም።

በዚያን ሰሞን ከውሃና ከእህል ቀጥሎ የሁሉም ጥያቄ «ስልክ የት ይሞላል?» የሚል ነበር። እናቱ ሐምዳይት ቀርታ ይሁን ኡም ራኩባ ደርሳ የማያውቅ ልጅ ያለው ተስፋ ስልኩ ብቻ ነው። አንድ የሶላር ሰሌዳና አንድ አሮጌ የመኪና ባትሪ ያለው ሰው የመንደሩ ቴሌ ሆኖ ነበር። ከሚያዝያ 2023 የሱዳን ጦርነት ወዲህ ደግሞ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ነዋሪውም እኛም ወደዚያው ወደ ባትሪ ተመልሰናል።

ለመሆኑ በዚያ ሳጥን ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ጣሊያናዊው ቮልታ በ1800 ሁለት ዓይነት የብረት ዝርግ እያነባበረ፣ በመካከላቸው በጨው ውሃ የራሰ ጨርቅ አድርጎ የኤሌክትሪክ ጅረት አገኘ። ፈረንሳዊው ፕላንቴ በ1859 እርሳስን በሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ነክሮ እንደገና የሚሞላ ባትሪ ሠራ። የዛሬው የመኪና ባትሪ በመሠረቱ የፕላንቴ ልጅ ነው። ስድስት ክፍሎች አሉት። እያንዳንዱ ወደ 2 ቮልት ይሰጣል፤ ድምሩ 12 ነው። ኃይል ስንወስድበት በሁለቱም ወገን ያለው እርሳስ ከአሲዱ ጋር ተዋህዶ ወደ ነጭ ጨው ይለወጣል፤ ስንሞላው ወደ ነበረበት ይመለሳል። ባትሪው ባዶውን ለሳምንታት ከተቀመጠ ግን ጨው ይጋገራል፣ አልመለስም ይላል። «ባትሪው ሞተ» የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ይህንን ነው።

ሁለተኛው ገዳይ ሙቀት ነው። ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው የእርሳስ ባትሪ ዕድሜ በግማሽ ገደማ ያጥራል ይባላል። ገዳሪፍ በሚያዝያና በግንቦት 40 ዲግሪ እንደምታልፍ ለዚህ ጉባኤ መንገር አያስፈልገኝም። ስለዚህ ሰሌዳው ፀሐይ ላይ፣ ባትሪው ጥላ ውስጥ ይሁን። ቮልቱ ከ12 በታች እንዲወርድ አትፍቀዱለት። ውሃው ሲጎድል የባትሪ ውሃ ብቻ ይጨመር። የጉድጓድ ውሃ ጨው አለው፣ አሲድ መጨመርም ሰሌዳዎቹን ይበላል። በሚሞላበት ክፍል ውስጥ ከሰል አይቀጣጠል፤ ሲሞላ የሚወጣው ሃይድሮጅን ይፈነዳል።

አሁን ወደዚህ ያመጣኝን ጉዳይ ልናገር። ባትሪው ከሞተ በኋላ ምን ይሆናል? በመጥረቢያ ይፈለጣል፣ አሲዱ መሬት ላይ ይደፋል፣ እርሳሱ በብረት ድስት ይቀልጣል። ይህ ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ ሲደረግ በዓይኔ አይቻለሁ። በሴኔጋል፣ በዳካር ዳርቻ ባለችው ቲያሮይ ሱር ሜር፣ ከኅዳር 2007 እስከ መጋቢት 2008 ባሉት ጥቂት ወራት 18 ሕፃናት ሞቱ። ምክንያቱ ሲጣራ ሰዎቹ ከአሮጌ ባትሪ እርሳስ እየለቀሙ ይሸጡ ነበር፤ አፈሩም አቧራውም በእርሳስ ተበክሎ ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅት ለሕፃን «ይህን ያህሉ አይጎዳም» የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። ልጁ ባይሞት እንኳ የአእምሮው ዕድገት ይጎዳል፤ ይህም ትምህርት ቤት ሲገባ እንጂ ዛሬ አይታይም።

ይህን የሚሠሩት ወንድሞቻችን ክፉዎች አይደሉም፣ እንጀራ ፈላጊዎች ናቸው። «ተው» ብሎ መቆጣት ቀላል ነው፤ ምትክ ሳይሰጡ መቆጣት ግን ዋጋ የለውም።

ምርምሩ ምትክ እያመጣ ነው ወይ? ለዚህ መልስ ስፈልግ ከእኛው ሰዎች ሁለት አገኘሁ።

አንደኛዋ ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ ናቸው። የተወለዱት አዲስ አበባ ነው። አባታቸው የግዕዝ ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1975 በደርግ ወታደሮች በጥይት ተመትተው በሕይወት ቢተርፉም ከተሽከርካሪ ወንበር ሳይነሡ ኖረዋል፤ ቤተሰቡም ተሰዶ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ገባ። የስደተኛ ልጅ ማለት ነው፣ እዚህ እንዳሉት ልጆቻችን። ሶስና በካልቴክ፣ ከ2015 ጀምሮም በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በ2001 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ላይ እሳቸውና ባልደረቦቻቸው፣ ከጨውና ከአሲድ መካከል ያለ ጠጣር ቁስ በነዳጅ ሴል ውስጥ ሊሠራ እንደሚችል አሳዩ። ነዳጅ ሴል ከሃይድሮጅንና ከአየር ያለ ጭስ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ መሣሪያ ነው። ቁሱ ሲሞቅ በ140 ዲግሪ አካባቢ ጠባዩ ይለወጥና የሃይድሮጅን ቅንጣት በውስጡ እንደ ልብ ይመላለሳል። ችግሩ ውሃ ሲነካው መሟሟቱ ነው፤ መሣሪያው ራሱ ደግሞ ውሃ ይፈጥራል! ከ100 ዲግሪ በላይ ከተሠራበት ግን ውሃው እንፋሎት ሆኖ ይሄዳል። ይህን የመሰለ ብልሃት ደስ ይለኛል። በ2010 ደግሞ ሴሪያ የተባለ ቁስ በተጠራቀመ የፀሐይ ሙቀት ኦክስጅኑን እንዲለቅ፣ ከዚያም ከእንፋሎት ላይ ኦክስጅን ነጥቆ ሃይድሮጅን እንዲተው አደረጉ። ፀሐይን በነዳጅ መልክ ማስቀመጥ ነው፤ ፀሐይ ደግሞ በዚህ አገር ማንም አይነሣንም።

ሁለተኛው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህሩ ፕሮፌሰር ሽመልስ አድማሴ ናቸው። ከስዊድኑ የሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ኦሌ ኢንጋናስ ጋር በሊግኒን ላይ ሠርተዋል። ሊግኒን እንጨትን እንጨት የሚያደርገው፣ ቃጫውን የሚያያይዘው ቁስ ነው፤ በወረቀት ፋብሪካ ከቃጫው ተለይቶ የሚቀር ተረፈ ምርት ነው። ኤሌክትሪክ ከሚያስተላልፍ ፕላስቲክ ጋር ሲቀላቀል ግን ኃይል ይይዛል። ሊግኒን በሰሊጥ አገዳም ውስጥ አለ፤ ገዳሪፍ ደግሞ የሰሊጥ አገር ናት። ከሰሊጥ አገዳ ባትሪ ተሠራ አላልኩም፤ በኋላ እንዳትጠይቁኝ።

እነዚህ ገና ወደ ሱቃችን አልደረሱም። የደረሰው ሊቲየም ነው። ለዚህ ሥራ ጉዲናፍ፣ ዊቲንግሃምና ዮሺኖ በ2019 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ከሊቲየም ባትሪዎች ውስጥ በብረትና በፎስፌት የተሠራው ዓይነት ለቤት ሶላር ይሻላል ባይ ነኝ። እርሳስ የለበትም፤ የእርሳሱ ባትሪ ጥቂት መቶ ጊዜ ሲሞላ፣ ይኸኛው በደህና ከተያዘ ከ2,000 ጊዜ በላይ ይሞላል። መግዣው ግን ይከብዳል። ለብቻ የማይቻለውን በዕቁብ ማድረግ ይቻላል፤ ዕቁብ ደግሞ ማንም አያስተምረንም።

እስከዚያው ድረስ ለሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። በማኅበሩ ግቢ ከልጆች የራቀ፣ ጣሪያና ሲሚንቶ ወለል ያለው አንድ ጥግ ይከለል። የሞተ ባትሪ ያለው ሰው ሳይፈለጥ፣ አሲዱ ሳይደፋ እንዳለ ያምጣ። ብዛት ሲኖረው እንደ ሁኔታው በደንብ ለሚያቀልጥ ፋብሪካ ለሚያደርስ ነጋዴ በጅምላ ይሸጥ። ገንዘቡ ለባለ ባትሪው ይከፈል፤ ከማቅለጥ ሥራ የሚወጡትም ወንድሞች በሰብሳቢነት ይቀጠሩ። በአግባቡ በተሠራ ፋብሪካ የባትሪው እርሳስ ከሞላ ጎደል ሁሉ ተመልሶ ባትሪ ይሆናል። ሐሳቡ ዛሬ ከምሳ በኋላ በሚደረገው የአባላት ስብሰባ ላይ ለውይይት እንዲያዝልኝ እጠይቃለሁ። ቮልት መለኪያዬን ይዤ መጥቻለሁ፤ ባትሪው ያስቸገረው ሰው ካለ በር ላይ ያገኘኛል።